ሞተር ከተቀየረ በኋላ የራዲያተር ፋን አልታዘዝ ሲል፦ ሽቦውን ከባትሪ እስከ ማሳ የመፈተሽ ዝርዝር መመሪያ

የድሮው 4ኬ ሞተር ወጥቶ 5ኤ የገባበት ኮሮላ ዲኤክስ ሰበታ መንገድ ዳር ቆሞ እንፋሎት ሲተፋ ባየሁ ቁጥር የባለቤቱን መልስ አስቀድሜ አውቀዋለሁ፤ «ፋኑን ቀይሬዋለሁ፣ ሴንሰሩን ቀይሬዋለሁ፣ ራዲያተሩንም አሳጥቤያለሁ፤ አሁንም ይፈላል።» ከእነዚህ መኪኖች በብዙዎቹ ላይ ፋኑ ጤነኛ ነው። ጥፋቱ ያለው የሙቀት ማብሪያውና ሪሌው (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ትልቁን የሚያገናኘው ዕቃ) ሳይስማሙ በመገናኘታቸው ወይም ማሳው (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመልሰው ግንኙነት) በመዘንጋቱ ነው።

የድሮው ሞተር ፋኑን የሚያዞረው በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) ነበር። አዲሱ የመጣው ሞተሩ አግድም ከተቀመጠበት መኪና ስለሆነ የኤሌክትሪክ ፋን ይፈልጋል፤ አሮጌው መኪና ደግሞ ለኤሌክትሪክ ፋን የተዘረጋ ሽቦ የለውም። ስለዚህ ሽቦው ከባዶ ይዘረጋል፣ ስህተቱም በዚያው ይገባል። ምሳሌዬ ዲኤክስ ይሁን እንጂ ቅደም ተከተሉ ሞተራቸው ለተቀየረ ላዳ፣ ፊያትና ፔጆም ያው ነው። ደረጃ አይዝለሉ፤ አንዱን ሳያረጋግጡ ወደሚቀጥለው የሄዱ እንደሆነ ያልተበላሸ ዕቃ ገዝተው ይመለሳሉ።

ከመጀመርዎ በፊት

የሚያስፈልጉዎት፦

- ቮልት፣ ኦምና የሽቦ መቀጠል የሚለካ ቴስተር
- ባለ 12 ቮልት የመሞከሪያ አምፖል፣ ሁለት ረጃጅም ሽቦ የተገጠመለት
- እስከ 150 ዲግሪ የሚያነብ ቴርሞሜትር፣ ለደረጃ 7 ደግሞ ሳይነካ የሚለካ የጨረር ቴርሞሜትር
- ባለ 20 እና ባለ 30 አምፔር ፊውዝ ከነማስቀመጫው
- ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው የመኪና ሽቦ፦ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ለፋኑ፣ ባለ 1 ለማብሪያው
- ፒንሳ፣ የሽቦ ጫፎች፣ ናስትሮ፣ የብረት ብሩሽና የአሸዋ ወረቀት

ለቤት መብራት የሚሸጠውን ባለ አንድ ክር ድርቅ ያለ ሽቦ መኪና ላይ አይዘርጉ። የሞተሩ መንቀጥቀጥ ቀስ በቀስ ይሰብረዋል፤ የሚሰበረው ደግሞ ከላስቲኩ ውስጥ ስለሆነ ከውጭ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ ሲገዙ ፋኑን ወይም ሪሌውን ከነሶኬቱና ከአንድ ስንዝር ሽቦ ጋር ቆርጠው እንዲሰጡዎት ይጠይቁ። ሶኬት ለብቻው መፈለግ አንድ ቀን ይወስዳል።

ማስጠንቀቂያ፦

- ሞተሩ ሲሞቅ የራዲያተር ክዳን በፍጹም አይክፈቱ።
- ሽቦ ከመቁረጥዎ ወይም ከመንቀልዎ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ያላቅቁ። ለመለካት ብቻ መልሰው ያገናኙ።
- የኤሌክትሪክ ፋን ቁልፉ ጠፍቶም ሳይታሰብ ሊነሳ ይችላል። የሱሉልታ ጠዋት ብርዱ ቢያስገድድዎም ጋቢ ወይም ፎጣ ለብሰው ኮፈን ስር አይጎንበሱ።

ደረጃ 1፦ ፋኑን ብቻውን ይፈትኑ

1. የፋኑን ሶኬት ይንቀሉ። ምላጩን በእጅዎ ያዙሩ፤ ያለ ምንም መንካት መዞር አለበት። ሞተሩ ሲገባ ራዲያተሩ ወደ ፊት ከተገፋ ምላጩ ማቀፊያውን የሚነካበት ጊዜ ብዙ ነው።
2. ከባትሪው ፖዘቲቭ በባለ 30 ፊውዝ በኩል ወደ ፋኑ፣ ከፋኑም ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ በቀጥታ ያገናኙ።
3. ፋኑ ወዲያው በሙሉ ኃይል መነሳት አለበት። እየጎተተ ከተነሳ ወይም በእጅ ካልገፉት ካልተነሳ ካርቦኑ (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው) አልቋል፤ መቀየር ያለበት በዚህ ጊዜ ብቻ ነው።
4. አንድ የጋዜጣ ገጽ ከራዲያተሩ ፊት ለፊት፣ በፍርግርጉ በኩል ያስጠጉ። ፋኑ ከራዲያተሩ ኋላ ከተገጠመ ወረቀቱን ስቦ ራዲያተሩ ላይ መለጠፍ አለበት። ወረቀቱን ወደ እርስዎ ከገፋው ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ተገላብጠዋል።

ይህን የወረቀት ሙከራ አይናቁት። የተገላበጠ ፋን ይዞራል፣ ድምፁም ደህና ነው፤ ነገር ግን መኪናው ሲሄድ ከፊት ከሚገባው ነፋስ ጋር ይጋፋል። ቆሞ የማይሞቅ፣ ሲነዳ የሚሞቅ መኪና ካጋጠመዎት መጀመሪያ ወረቀት ይያዙ።

ደረጃ 2፦ የሙቀት ማብሪያውን ማንነት ይለዩ

ጊዜዎን እዚህ ያጥፉ። ሞተሩ ላይ ውሃውን የሚነኩ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሰዉ ሁሉንም «ሴንሰር» ብሎ ስለሚጠራቸው ይምታታሉ።

- ለዳሽቦርዱ ጌጅ የሚናገረው፦ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሽቦ አለው፤ በቴስተር ሲለካ የሆነ ኦም ያሳያል፣ ሲሞቅ ኦሙ ይቀንሳል።
- ለሞተሩ ኮምፒውተር የሚናገረው፦ ሁለት ሽቦ አለው፤ በቶዮታ ሞተሮች ላይ በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም ያሳያል።
- የፋኑ ማብሪያ፦ እንደ መብራት ማብሪያ ነው፤ ወይ ይገናኛል ወይ ይቋረጣል፣ መካከለኛ ቁጥር የለውም።

የሪሌው ሽቦ በስህተት ጌጁ ላይ ከታሰረ ሪሌው ወይ ጨርሶ አይነሳም ወይ እንደ ጥርስ ይንገጫገጫል፤ ጌጁም የውሸት ንባብ ይሰጣል። መጀመሪያ ይለኩ፣ ከዚያ ያገናኙ።

የፋኑን ማብሪያ ካገኙ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ ሁሉን የሚወስነው ነው፦ ሲሞቅ የሚገናኝ ነው ወይስ ሲሞቅ የሚቋረጥ?

በርካታ የአውሮፓ መኪኖች ማብሪያ ሲሞቅ ይገናኛል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ላይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፦ ማብሪያው ቀዝቃዛ ሳለ የተገናኘ ነው፣ ውሃው 93 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይቋረጣል፣ ወደ 83 ሲወርድ መልሶ ይገናኛል። ቶዮታ እንዲህ ያደረገው ሽቦው ቢበጠስ ፋኑ እንዲዞር እንጂ እንዳይቆም ነው። መልካም አሳብ ነው፤ ግን ይህን ማብሪያ ከተራ ሪሌ ጋር ያሰረ ሰው ፋኑን ለጠዋት ብርድ አዞረው፣ ለዳገት አቆመው ማለት ነው።

በራሴ ዲኤክስ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ጠዋት ቁልፉን እንዳዞርኩ ፋኑ ይነሳል፤ «ይሠራል» ብዬ እወጣለሁ። እንጦጦን ስወጣ ጌጁ ሲያሻቅብ ቆሜ ኮፈኑን ስከፍት ምላጩ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሁለት ፋን ገዛሁ። በመጨረሻ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተጣሞ ቶርኖ ቤት ገባ፣ ከስሩ ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮኑም ተቀየረ። ይህ ሁሉ የደረሰው አንድ ማብሪያ በየትኛው ሙቀት እንደሚገናኝ ስላልተለካ ነው።

ማብሪያውን በድስት መፈተሽ፣ እዚህ አገር

ማብሪያን የፈላ ውሃ ውስጥ ከትቶ መፈተሽ የታወቀ ዘዴ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ያሳስታል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሱሉልታ ላይ ከዚያም ያነሰ ነው። በ93 ወይም በ95 የሚሠራ ማብሪያ በድስት ውሃ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቢንተከተክ አይንቀሳቀስም። ጤነኛ ማብሪያዎች «ሞቷል» ተብለው የሚጣሉት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በምግብ ዘይት ይፈትኑ።

1. ማብሪያውን ነቅለው በደረቅ ጨርቅ ፈጽሞ ያድርቁት። የውሃ ጠብታ ትኩስ ዘይት ውስጥ ከገባ ይፈናጠራል።
2. ከቤት ውጭ፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ፣ በትንሽ ድስት ሁለት ጣት ከፍታ ያህል ዘይት ያድርጉ።
3. ማብሪያውን በሽቦ አንጠልጥለው የነሐስ ጫፉን ብቻ ይንከሩ፤ የድስቱን ግርጌ አይንካ። የቴርሞሜትሩንም ጫፍ ከአጠገቡ ያድርጉ።
4. የቴስተሩን አንድ ጫፍ ከማብሪያው እግር፣ ሌላውን ከአካሉ ጋር ያገናኙ። ሁለት እግር ካለው ከሁለቱ እግሮች ጋር ያገናኙ።
5. በዝቅተኛ እሳት ቀስ ብለው ያሙቁ። ቴስተሩ መጮህ የጀመረበትን ወይም ያቆመበትን ዲግሪ ይጻፉ። 110 ሲደርስ እሳቱን ያጥፉ።
6. ሲቀዘቅዝም ይከታተሉ፤ የተመለሰበትን ዲግሪ ይጻፉ።

የተጻፈው ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ይኖራል፦ ዓይነቱ፣ የሚነሳበትና የሚመለስበት ሙቀት። 110 ድረስ ምንም ለውጥ ካላሳየ በእርግጥ ተበላሽቷል።

ደረጃ 3፦ ሪሌውን ከማብሪያው ጋር ያስማሙ

የተለመደው ሪሌ እግሮች ቁጥር አላቸው። 85 እና 86 የውስጡን ጥቅል ያነሳሉ፤ 30 ኃይሉ የሚገባበት፣ 87 ሲነሳ የሚወጣበት ነው። ባለ አምስት እግሩ ላይ 87ኤ (87a) የሚባል ተጨማሪ አለ፤ እርሱ ሪሌው ሳይነሳ ከ30 ጋር የተገናኘ ነው፣ ሲነሳ ይቋረጣል።

ማብሪያው ሲሞቅ የሚገናኝ ከሆነ፦

- 30፦ ከባትሪ ፖዘቲቭ፣ በፊውዝ በኩል
- 87፦ ወደ ፋኑ ፖዘቲቭ
- 86፦ ቁልፉ ሲበራ ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ ሽቦ
- 85፦ ወደ ማብሪያው፤ ማብሪያው ከማሳ ጋር ያገናኘዋል

ሲሞቅ የሚቋረጥ ከሆነ ሁለት ሪሌ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ዋና ሪሌ ነው፦ 30 ከባትሪ በፊውዝ፣ 86 ከቁልፍ፣ 85 ወደ ማሳ፣ 87 ደግሞ ወደ ሁለተኛው ሪሌ 30። ሁለተኛው ላይ 86 ከቁልፍ፣ 85 ወደ ማብሪያው፣ 87ኤ ወደ ፋኑ። የሁለተኛው 87 ባዶ ይቀራል፤ ናስትሮ ያልብሱት።

ዋናውን ሪሌ ትተው በአንዱ ብቻ ለመጨረስ አይሞክሩ። ቁልፉ ሲጠፋ ጥቅሉ ኃይል ያጣል፣ 87ኤ ይገናኛል፣ ፋኑ ሌሊቱን ሁሉ ይዞራል፤ ጠዋት ባትሪው ባዶ ነው። ደግሞም በብዙ ሪሌዎች ላይ 87ኤ የሚችለው አምፔር ከ87 ያነሰ ስለሆነ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። የእኔ ምክር? የማብሪያው ቀዳዳ ጥርስ የሚስማማለት ሲሞቅ የሚገናኝ ማብሪያ ካገኙ እርሱን ገዝተው በአንድ ሪሌ ይጨርሱ። ሽቦው ባነሰ ቁጥር ማታ ዝናብ ላይ ቆመው የሚፈልጉት ስህተትም ያንሳል።

አንዳንድ ሪሌ ውስጥ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) አለ፤ 86ን ፖዘቲቭ፣ 85ን ኔጌቲቭ ካላደረጉ ፊውዝ ያቃጥላል።

ፈጣን ፍተሻ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ በርቶ፦ የማብሪያውን ሽቦ ይንቀሉ። ሲሞቅ የሚገናኝ ከሆነ የተነቀለውን ጫፍ ከሞተሩ ብረት ጋር ሲያነኩት ፋኑ መነሳት አለበት። ሲሞቅ የሚቋረጥ ከሆነ ሽቦውን ገና ሲነቅሉት ይነሳል።

ካልተነሳ፦

- ሪሌው «ቀጭ» ብሎ ፋኑ ካልዞረ 30 ላይ አምፖሉን ይያዙ። ካልበራ ፊውዙን ወይም ከባትሪ የሚመጣውን ሽቦ ይፈትሹ። ከበራና ወደ ፋኑ በሚወጣው እግር ላይ ካልበራ የሪሌው ውስጥ ተቃጥሏል።
- ሪሌው ድምፅ ካላሰማ 86 ላይ አምፖሉን ይያዙ። ከበራ ችግሩ በ85 በኩል ነው፤ ካልበራ የቁልፉ ሽቦ ነው።
- ቁልፉ ጠፍቶ ሞተሩ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ካልጠፋ ፋኑ ያለ ሪሌ ከሞተሩ ማቀጣጠያ ሽቦ ላይ ታስሯል። እየዞረ የሚቆም ፋን እንደ ዲናሞ ኤሌክትሪክ ይመልሳል። ነቅለው በሪሌ ይሥሩት።

ደረጃ 4፦ ፊውዝና የሽቦ መንገድ

ፊውዙን ከባትሪው ከአንድ ስንዝር በማይርቅ ቦታ ይስቀሉ። ከፊውዙ በፊት ያለው ሽቦ መከላከያ የለውም፤ ከቦዲ ጋር ቢፋተግ ይነድዳል። ፋኑ 12 አምፔር ገደማ የሚወስድ ከሆነ በባለ 20 ይጀምሩ፤ በመነሻው ቅጽበት ብዙ እጥፍ ስለሚጎትት ባለ 20ው ከተቃጠለ፣ ፋኑም በደረጃ 1 ጤነኛ ከነበረ፣ ወደ ባለ 30 ይሂዱ። ባለ 30ውም ከተቃጠለ ከዚያ አይጨምሩ። ያን ጊዜ የሚፈለገው የተላጠ ሽቦ ነው።

ሪሌውን እግሮቹ ወደ ታች እንዲያዩ አድርገው፣ ከጭስ ማውጫው ርቆ ያስሩ። እግሮቹ ወደ ላይ ካዩ የክረምት ውሃ ይጠራቀምባቸዋል። ሽቦ በብረት ቀዳዳ ሲያልፍ ጎማ ያግቡለት።

ደረጃ 5፦ ማሳ

ከቦዲና ከሞተር ጋር የሚገናኘው ኔጌቲቭ፣ ማሳ የምንለው፣ ሞተር ሲቀየር በብዛት ይረሳል። የድሮው ሞተር ከቦዲው ጋር የተያያዘበት ጠፍጣፋ ገመድ ከድሮው ሞተር ጋር ይሄዳል። አዲሱ ሞተር የተቀመጠው ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ የጎማ መደገፊያ ላይ ነው፤ ስለዚህ ኤሌክትሪኩ በነዳጅ መርገጫው ሽቦና ባገኘው ቀጭን ነገር ሁሉ ይመለሳል።

1. ከባትሪ ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ፣ ከሞተሩም ወደ ቦዲው ወፍራም ገመድ መኖሩን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ከሌለ ቢያንስ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ካሬ ይሥሩ።
2. የሚታሰርበትን ቦታ ብረቱ ነጭ እስኪሆን ይፋቁ። ቀለም ላይ የታሰረ ማሳ የለም እንደ ማለት ነው።
3. ፋኑ እየዞረ በቴስተር ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ፋኑ ኔጌቲቭ ይለኩ። ከ0.3 ቮልት መብለጥ የለበትም። ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ፋኑ ፖዘቲቭ ደግሞ ከ0.5 አይብለጥ።
4. ከበለጠ መለኪያውን አንድ አንድ መገናኛ እያሳጠሩ ይምጡ። ቁጥሩ በድንገት የወረደበት መገናኛ ጥፋተኛው ነው።

አንድ እግር ያለው ማብሪያ ማሳ የሚያገኘው በራሱ ጥርስ ነው። ውሃ እንዳያፈስ ተብሎ ነጩ የቧንቧ ቴፕ በብዛት ሲጠመጠምበት ከሞተሩ ጋር ይለያያል። ከማብሪያው አካል እስከ ባትሪ ኔጌቲቭ ይለኩ፤ ከ1 ኦም በላይ ካሳየ ቴፑን ያንሱ፣ በመዳብ ቀለበት ያጥብቁት።

ዲናሞውንም እዚሁ ይፈትሹ። ሞተሩ በዝግታ እየዞረ፣ ፋኑና የፊት መብራቱ በርተው ባትሪው ላይ ከ13 ቮልት በታች ካነበቡ ዲናሞው አይችልም። ጤነኛ ከሆነ ከ13.5 እስከ 14.4 ያሳያል።

ደረጃ 6፦ ክዳኑና በውስጥ የቀረ አየር

ሽቦው ሁሉ ትክክል ሆኖ ፋኑ ሳይነሳ ውሃው ከፈላ ክዳኑን ይጠርጥሩ። የማይዘጋ ክዳን ያለውና ውሃ ብቻ የያዘ ራዲያተር እዚህ ከፍታ ላይ በ92 ዲግሪ ይፈላል፤ ማብሪያዎ የሚነሳው ደግሞ በ93 ነው። ፋኑ ምንም ጥፋት ሳይኖርበት ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ዘግይቶ ይደርሳል። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን የመፍያውን ነጥብ ከ110 በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ይቀይሩት፤ ከጥገናው ሁሉ ርካሹ ይኸው ነው። የቧንቧ ውሃ ብቻ አይሙሉ፤ ግማሽ በግማሽ ኩላንት ያድርጉ።

አየር ለማስወጣት መኪናውን አፍንጫው ወደ ዳገት አይቶ እንዲቆም ያድርጉ፣ የካቢኑን ማሞቂያ ይክፈቱ፣ በቀዝቃዛው ሞተር ክዳኑን ከፍተው አስነስተው ይሙሉ። ቴርሞስታቱ (ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው በር) 82 ላይ ይከፈታል፣ ክፍቱ ራዲያተር ውሃ ብቻ ከያዘ 92 ላይ ይፈላል፤ ያን ጊዜ ያለዎት ዕድል 10 ዲግሪ ብቻ ነው። የራዲያተሩ የላይኛው የውሃ ጎማ መሞቅ እንደጀመረ ደረጃውን ሞልተው ወዲያው ክዳኑን ይዝጉ። አየር ውስጥ የቀረ ማብሪያ ሞተሩ እየነደደም ቀዝቃዛ ነው።

ደረጃ 7፦ መጀመሪያ ቆሞ፣ ከዚያ በመንገድ

1. ግቢ ውስጥ ሞተሩን አስነስተው ይጠብቁ። ዳሽቦርዱን አይመኑ፤ ጌጁና አዲሱ ሞተር ላይስማሙ ይችላሉ። ውሃ የሚወጣበትን ብረት በጨረር ቴርሞሜትር ይለኩ።
2. ፋኑ በወረቀትዎ ላይ በጻፉት ዲግሪ አካባቢ መነሳት፣ ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ መቆም አለበት። ይህን ሦስት ጊዜ ሲደግም ይዩት።
3. ተነስቶ ጨርሶ ካልቆመ፣ ወይ ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ ወይ የማብሪያው ዲግሪ ከቴርሞስታቱ ጋር እኩል ወይም ያነሰ ነው። በ82 የሚነሳ ማብሪያ የላይኛው ጎማ በኩል ከተገጠመ ፋኑ ዕረፍት አያገኝም።
4. ከዚያ በኋላ አጭር ዳገት ይውጡ፤ ከተማ ገብተው የቃሊቲን ሰልፍ ከመጋፈጥዎ በፊት። ጌጁ ከተለመደው ቦታ ካለፈ ወዲያው ዳር ይያዙ፣ የካቢኑን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፤ ካልወረደ ሞተሩን ያጥፉ። እንፋሎት እያዩ «እስከ ጋራዡ ልድረስ» አይበሉ።

መንገድ ላይ ፋኑ ከቆመብዎ ፊውዙ ያልተቃጠለ መሆኑን አይተው ሪሌውን ይንቀሉ፤ ሶኬቱ ላይ 30ን እና 87ን በአንድ አጭር ወፍራም ሽቦ ያገናኙ፣ ፋኑ ያለማቋረጥ ይዞራል። ሁለት ሪሌ ካለዎት የዋናውን 30 እና 87 ያገናኙና የማብሪያውን ሽቦ ይንቀሉ፤ ቁልፉ ጠፍቶም ስለሚዞር ሲደርሱ መንቀል እንዳይረሱ። ሽቦዋን ዛሬውኑ ልጠው ከመለዋወጫ ፊውዝ ጋር ዳሽቦርዱ ውስጥ ያኑሯት።

ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ፋኑ ጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ ሞተሩን አጥፍተው የሪሌውን ሶኬትና የፊውዙን ማስቀመጫ በጣትዎ ይንኩ። ለብ ያለ ከሆነ ደህና ነው። ጣት የሚያስነሳ ከሆነ ጫፉ ላልቷል፤ ነቅለው በፒንሳ ያጥብቁት። የሽቦውን ሥዕል ከነቁጥሩ በወረቀት ሥለው፣ በላስቲክ ሸፍነው ኮፈኑ ውስጥ ይለጥፉ፤ ቀጥሎ የሚከፍተው ኤሌክትሪሺያን ማብሪያዎ ሲሞቅ የሚገናኝ ይሁን የሚቋረጥ ከዚያ ያነብበዋል።